ወደ ኋላ የተገፋ ወንበር

በሚስቴ መኪና ጋቢና ውስጥ ረጅም ሰው ተቀምጧል።

ይህን ያወቅሁት በጃንዋሪ 2021 አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዘይት ልቀይርላት መኪናዋን ስከፍት ነው። የጋቢናው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ መደገፊያውም ተንጋሏል። ሌላ ባል ቢሆን አያስተውለውም ነበር። እኔ ግን ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ በር ላይ ቆሜ የእንግዳ መኪና እየተቀበልኩ ፓርክ ማድረግ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ወንበርና መስታወት አይቼ ማን እንደነዳ፣ ከጎኑ ማን እንደነበረ፣ ተኳርፈው ይሁን ተሳስቀው እንደመጡ እናገራለሁ። ጽጌወይን ቁመቷ ትከሻዬ ድረስ ነው። እኔም ብሆን ረጅም ተብዬ አላውቅም፤ ደግሞም በዚያ ጋቢና ከገና ወዲህ አልተቀመጥኩም።

ዘይቱን ቀየርኩ። ወንበሩን አልነካሁትም፤ ማስረጃ አይነካም።

ተጠራጣሪ ሆኜ አልተፈጠርኩም ብል እዋሻለሁ። እናቴ «ተረፈ፣ አንተ እኮ የገዛ ጥላህን መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን የባሰብኝ በምክንያት ነው። ኮሮና ስትሪፑን ሲዘጋው ከሥራ ቆምኩ፤ ሲከፈት ደግሞ የጠሩኝ በሳምንት ለሁለት ሺፍት ብቻ ሆነ። እንግዳው «መኪናዬን ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ» እያለ ራሱ ፓርክ ማድረግ ለመደ። አለቃችንም በእናንተ ምትክ ማሽን ሊተከል ነው እያለ ያስፈራራናል። የቀረውን አምስት ቀን ቤት ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ እኔ ቆብ ስለሌለኝ ሚስቴን መተርተር ጀመርኩ።

ጽጌወይን ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። ዲቪ ደርሷት ከደብረ ታቦር ስትመጣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እትዬ ስሜነሽ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የዳሯትም እሳቸው ናቸው፣ እንደ እናት ሆነው። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። ልጅ አልሰጠንም፤ ይህን ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ቤታችን ጸጥ ያለ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላኝ ኖሯል። አብረን ስንተኛ ዐይኗን ትጨፍናለች። ሲያበቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ ሥራ እንዴት ዋለ ስላት በምትመልስበት በዚያው ድምፅ። ይህች ሴት አትወደኝም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም ጭምር። እንግዲህ አንድ ወንበር ወደ ኋላ መገፋቱ እንዲያ ያስደነገጠኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት መርዶ የመጣ ስለመሰለኝ ነው።

ከወንበሩ በኋላ ዐይኔ ተከፈተ፤ ወይም እንዲያ መሰለኝ። ከሥራ ስትመለስ ሶፋው ጥግ ትቀመጥና መነጽሯን አድርጋ ስልኳን ታነባለች። ባጠገቧ ሳልፍ ስልኩን ትገለብጠዋለች። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ከኋላዋ መጣሁና በትከሻዋ ላይ አጮለቅሁ። ያየሁት ኮከብ ብቻ ነው፤ አምስት ኮከብ፣ ሦስት ኮከብ፣ ከሥሩ የገዢ አስተያየት።

«ምን ልትገዢ ነው?» አልኳት።

«ጫማ» አለችና ስልኩን ጭኗ ሥር ሸጎጠችው።

ጽጌወይንን የማታውቁ ይህ ነገር ላይገባችሁ ይችላል። እሷ ጫማ ሳትለካ፣ ሱቁን ሁለት ጊዜ ሳትዞር፣ «እስቲ አስቤበት ልመለስ» ሳትል የምትገዛ ሴት አይደለችም። ኦንላይን ጫማ? ውሸቷን ነው አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ኦቨርታይም አለኝ ብላ ወጣች። ተከተልኳት። ኮሮና ለተጠራጣሪ ባል አንድ ጥሩ ነገር አምጥቶለታል፤ ማስክና ኮፍያ አድርጎ ቢዞር ማንም ምን ሆነሃል አይለውም። በኤርፖርቱ መንገድ ፈንታ ወደ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ታጠፈች። አንድ አፓርታማ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ አንድ ሰው ወጣ፤ ጂንስ ለብሷል፣ የጃኬቱን ቆብ በኮፍያው ላይ ደርቧል፣ በጥቁር ማስክ ፊቱን እስከ ዐይኑ ሸፍኗል። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው። የጋቢናውን በር የገዛ ቤቱን በር እንደሚከፍት ከፍቶ ገባ።

ተከተልኳቸው። ሦስት ሱቆች ግድግዳ ተጋርተው የተሠሩበት ቦታ ደርሰው ቆሙ። አንደኛው ላውንደሪ ነው፤ ሁለተኛው የጠበቃ፣ እዚህ ሎየር የምንለው፣ ቢሮ፤ ሦስተኛው መስታወቱን ሁሉ በሐምራዊ ወረቀት የሸፈነ ምንነቱ የማይታወቅ ሱቅ። በመካከላችን አውቶቡስ ቆመ። ሲያልፍ ሁለቱም የሉም። ላውንደሪው ወለል ብሎ ይታያል፤ እዚያ አልገቡም። የሎየሩ ማስታወቂያ ደግሞ ግማሹን ግድግዳ ይዞታል፤ «ፍቺ፣ ፈጣንና ያለ ጭቅጭቅ» ይላል በእንግሊዝኛ። ሦስተኛውን ሱቅ ዳግመኛ አላየሁትም። ሰው የሚያየው የፈራውን ነው፣ ያንን አሁን አውቃለሁ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ባዶ እጃቸውን ወጡ። ጽጌወይን ዐይኗን በመዳፏ ትጠርጋለች፤ ትሳቅ ታልቅስ ማስኩ ከለለብኝ። ረጅሙ ሰው ትከሻዋን አቅፎ ወደ መኪናው ወሰዳት። ወርጄ አንገቱን ማነቅ ነበረብኝ ትሉኝ ይሆናል። አልወረድኩም። ፈራሁ። ብወርድና እውነት ቢሆንስ?

«ኦቨርታይም እንዴት ነበር?» አልኳት ቤት ስትገባ።

«ደክሞኛል» አለች። ፊቷን እንኳ ወደ እኔ አላዞረችም።

በሳምንቱ አንድ ሳጥን መጣ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ፖስተኛው በር ላይ አስቀምጦት ሄደ። ቡናማ፣ ትንሽ፣ በላዩ ምንም ያልተጻፈበት ሳጥን ነው። የላከው ድርጅት ስም የለም፤ ሁለት ፊደልና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ። ሐቀኛ ነጋዴ ስሙን ይደብቃል? አነሳሁት። ክብደቱ የስልክ ያህል ነው። ወዘወዝኩት፤ ኮሽ አለ። ሎየር፣ ረጅም ሰው፣ አሁን ደግሞ የሚስጥር ስልክ። ነገሩ በጭንቅላቴ ውስጥ ቁልፍና ቀዳዳ ሆኖ ገጠመ።

ያኔውኑ ልከፍተው ቢላዋ አንስቼ ነበር። ግን ብቻዬን ብከፍተው «አንተ ራስህ ያስገባኸው ነው» ብትለኝስ? ምስክር ያስፈልገኛል። እኛ ደግሞ ለትዳር ነገር ምስክር ስንፈልግ ሽማግሌ እንጠራለን። ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄ ለጋሽ ወልደሥላሴ ደወልኩ።

ጋሽ ወልደሥላሴ የእትዬ ስሜነሽ ባለቤት ናቸው። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በዚህ ከተማ ካሉት የሐበሻ ትዳሮች ግማሹን በእጃቸው ጠግነዋል። እሑድ ከሰዓት ሁለቱም መጡ፤ ማስካቸውን እንዳደረጉ፣ ሳኒታይዘራቸውን በቦርሳ ይዘው፣ ሶፋው ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ጽጌወይን ሊጠይቁን የመጡ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። እኔ ሳጥኑን አውጥቼ ጠረጴዛው መሃል ሳስቀምጠው ፊቷ አመድ ሆነ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እንግዲህ፤ በወጋችን ከሳሽ ይቅደም፣ ተከሳሽ ይስማ። ተናገር ልጄ።»

ተናገርኩ። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ኮከቦቹ፣ ስለ ሜሪላንድ ፓርክዌይ፣ ስለ ሎየሩ ዘረዘርኩ። አነጋገሬ ለራሴ እንኳ ያማረ መሰለኝ። «ረጅም ወንድ» ስል ግን ጽጌወይን ፍርፍር ብላ ሳቀች።

«ረጅሙ ወንድህ ፊያሜታ ናት። የሥራ ጓደኛዬ፣ ሥራ በመኪናዬ አብራኝ የምትሄደው። ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት የነበረች። ይኸው ስልኳ፣ ደውልና ድምጿን ስማ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ማስካቸው ውስጥ ሳል ቢጤ አሰሙ። እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም።

«እሺ ፊያሜታ ትሁን። ሎየር ጋ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ?»

«ሎየር ጋ አልሄድኩም።»

«ታዲያ የት ነው አርባ ደቂቃ የቆያችሁት?»

የጠረጴዛውን ጨርቅ በጣቷ ማስተካከል ጀመረች።

«ሳጥኑስ? ምንድን ነው ያለው?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አያችሁ!» ብዬ ቢላዋውን አነሳሁ።

ጋሽ ወልደሥላሴ በቀስታ «ክፈቺውና ተገላገይ ልጄ፣ ሳጥን ምን አለው» አሏት።

ጽጌወይን ተነሳች። እጇን ሳጥኑ ላይ ጫነች። «ተረፈ፣ ስማኝ። እነሱ ሲሄዱ አንተው በእጅህ ትከፍተዋለህ፤ እኔም ምንም አልደብቅህም። አሁን በእነሱ ፊት ከከፈትከው ግን፣ ማርያምን፣ ነገ ጠዋት እውነትም ያ ሎየር ጋ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አይመልሰኝም።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ማመን ይሁን መክፈት፣ ከሁለት አንዱን ልመርጥ ነው። እንደ ጠባዬ ቢሆን እከፍተው ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጫፉን በቢላዋው ነክቼው ነበር።

ያተረፉኝ እትዬ ስሜነሽ ናቸው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዐይናቸው ሳጥኑ ላይ ሳይሆን ጽጌወይን ፊት ላይ ነበር። «አንተ፣ ቢላህን አስቀምጥ» አሉኝ። ሳጥኑን አነሱ፣ ጽጌወይንን በክንዷ ያዙ፣ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉት።

እኔና ጋሽ ወልደሥላሴ በሩን እያየን ተቀመጥን። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ። የሹክሹክታ ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም። ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። ጆሮዬን ቀሰርኩ። የጽጌወይን አልነበረም። የሚያለቅሱት አሮጊቷ ነበሩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። «ስንት ዓመት ስሸመግል ዳኛዋ ስታለቅስ ይኸው ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ሲወጡ የእትዬ ስሜነሽ ዐይን ቀልቷል። አልተቀመጡም። ባላቸው እንደ ወጉ «ጥፋቱ የማን ሆኖ ተገኘ?» ብለው ጠየቁ።

«የእኔ» አሉ እትዬ ስሜነሽ። «የሠርጓ ዋዜማ ፀጉሯን እየሠራሁ ‹ዝም በዪ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ፣ ያልፋል› ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። እኔንም እንዲያ ነበር የመከሩኝ። ሌላውን እሷ ትነግረዋለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ሚስትህን እንደ ሌባ ተከትለሃል፤ ሰው ጠርተህ አቁመሃታል። ካሳ አለብህ።»

«ምን ልካስ እትዬ?»

«እሷ ተናግራ እስክትጨርስ አፍህን ትዘጋለህ። ከዚያ ወደምትልህ ቦታ በመኪና ትወስዳታለህ። ይኸው ነው።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ተነስተው ኮታቸውን እየለበሱ «ለመሆኑ ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው? እኔ አይነገረኝም?» አሉ።

«አንተን ቤት እነግርሃለሁ» አሉ እትዬ ስሜነሽ። «አንተም እኔን ሳትክስ የቆየህ ይመስለኛል።»

በሩ ሲዘጋ እኔና ጽጌወይን ሳጥኑን መሃላችን አድርገን ቀረን። አፌን ዘጋሁ። ካሳ ካሳ ነው።

«በስምንተኛ ቀኔ ገርዘውኛል» አለች። «ይህን ታውቃለህ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ማወቅስ አውቃለሁ። ያልተገረዘ ማን አለ ብዬ አልፌው ነበር። ያ ነገር ከጎኔ ከምትተኛዋ ሴት ጋር ግንኙነት እንዳለው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ስትደሰት አያለሁ፣ እኔ ግን ምንም። አንዳንዴ ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው አንተን ጠልቼ መሰለህ? ፊቴን እንዳታይብኝ ነው። ብታይ ታውቅብኛለህ፤ ብታውቅ ታዝናለህ፣ ወይ ትተኸኝ ትሄዳለህ። እወድሃለሁ እኮ ተረፈ። ‹ደህና ነኝ› እያልኩ መዋሸት ሰለቸኝ።»

ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ካሳው ከለከለኝ። ምናልባት የእትዬ ስሜነሽ ብልሃት እዚያ ላይ ነው።

ቀጠለች። በኦክቶበር የማህጸን ሐኪሟ ጋ ለሌላ ነገር ሄዳ ነበር። ሐኪሟ ጠባሳውን አይታ በቀስታ ጠየቀቻት። ጽጌወይን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረች። ሐኪሟም የተቆረጠው ከላይ የሚታየው ጫፉ እንደሆነ፣ አብዛኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ፣ ብዙ እንደሷ ያሉ ሴቶች ቀስ ብለው ስሜታቸውን እንዳገኙ ነገረቻት። ቃል አልገባችላትም። ግን በመጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ፣ ማንንም ለማስደሰት ሳትጣደፊ፣ ሰውነትሽን እወቂው አለቻት። የሚያግዝ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ አይደለም፣ ሱቅ ይሸጣል።

«ሐምራዊው ሱቅ» አልኩ ካሳውን ረስቼ።

«ሐምራዊው ሱቅ። ብቻዬን ፈርቼ ፊያሜታን ይዤ ሄድኩ። ሻጯ ደግ ሴት ናት፤ ሁሉንም አሳየችኝ። ከዚያ ‹ምን ዓይነት ስሜት ነው የምትወጂው?› አለችኝ። እኔ እንጃ! ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አላውቅም ማለት አፍሬ እያለቀስኩ ወጣሁ። ስለዚህ በስልኬ ኮከብ እየቆጠርኩ መረጥኩና ኦርደር አደረግሁ። ተረፈ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ነሽ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ገዛሽ መባል ነው ያስፈራኝ።»

እሷ ጨረሰች። ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋችው። ቢላዋውን አንስቼ ከፈትኩት።

የፈራሁት ስልክ እንቁላል የሚያህል ሮዝ ነገር ሆኖ ወጣ። መዳፌ ላይ አስቀምጬ አገላበጥኩት፤ እንደ ለመድኩት በጥርጣሬ። ማሽን ነው። ሥራ ቦታ በማሽን ልትተካ ነው ይሉኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ ይኸው። አሁን መናገር ተፈቅዶልኛል።

«ይሄ እኔን ሊተካኝ ነው?»

ጽጌወይን አየችኝ። ከዚያ በተዋወቅንበት ቀን እትዬ ስሜነሽ ቤት በረንዳ ላይ እንደሳቀችው ሳቀች። «አንተን ለመተካትማ ፊያሜታ ረጃጅም ወንድሞች አሏት። ይሄ ለእኔ ነው። የሚስማማኝን ካወቅሁ በኋላ ልነግርህ ነው።»

በዚያ መሃል አፍንጫዬን ሽታ ነካው። ዕቃውን አስጠጋሁት። እንደ አዲስ ኮንጎ ጫማ ይሸታል። ጽጌወይንም አሸተተችውና ፊቷ ወደቀ። ሻጯ ነግራት ኖሯል፤ ፕላስቲክ የሚሸት፣ ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ዕቃ ለዚያ ለስላሳ ቦታ አይሆንም። ካርቶኑን ገለባበጥን። ከምን እንደተሠራ የሚናገር አንድ ቃል የለበትም።

«አምስት ኮከብ ነበረው እኮ» አለች፣ ልታለቅስ።

«ኮከቡን የሰጠው ራሱ ባለሱቁ ነው» አልኩ። ተጠራጣሪ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል። «ነገ በመኪና እወስድሻለሁ።»

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ በእሷ መኪና ሄድን። ሱቁ ውስጥ እንደገባሁ ጀርባዬን ወደ ግድግዳ አድርጌ ቆምኩ፤ የማውቀው ሐበሻ ይገባ ይሆን እያልኩ በሩን እጠብቃለሁ። ሻጯ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች፣ ፋርማሲ ውስጥ ብትቆም የሚያምርባት ሴትዮ ናት። ጽጌወይንን አስታወሰቻት። «እንኳን ተመለስሽ» አለቻት። በእጃችን ላይ ሳኒታይዘር ጨመረችልን።

ለጀማሪ ትንሽ ይበቃል አለች። ትልቅና ውስብስብ የሚገዙት ብዙዎቹ ፈርተው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ሲሊኮን ይሁን፤ ሽታ የሌለው፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ የሚታጠብ። ድምፁ ዝቅ ያለ ይሁን። ማለስለሻው በውሃ የተሠራ ይሁን፤ ሌላው ሲሊኮኑን ያበላሸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ይሁን። እኔ ካርቶን ሁሉ እያነሳሁ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳነብ፣ እንደ መኪና ጎማ ስጫነው፣ «ይሄስ እውነት ሲሊኮን ነው?» እያልኩ ሳፋጥጣት አልተቆጣችም። ባልሽ ጥሩ ገዢ ነው አለቻት ለጽጌወይን።

ሦስት ዕቃ ባንኮኒው ላይ አወጣች። «ድሮ በአፍንጫ ጫፍ ነበር የምናስሞክረው» አለች፤ «ዘንድሮ ማስክ አለ። በእጅ አንጓሽ ውስጠኛ በኩል ሞክሪው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በባልነቴ መሆኑ ነው። «ለእሷ የሚሻላት ጠንከር ያለ ነው ለስላሳ?»

አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ የሚመጣ እንግዳ ወንበሩን ምን ያህል እንደሚገፋ፣ መስታወቱን ወዴት እንደሚያጋድል ሳልጠየቅ አውቃለሁ፤ ቲፕ የማገኘውም በዚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ የተኛችው ሴት ግን ምን እንደሚሻላት አላውቅም። አፈርኩ፤ ሱቁ ውስጥ መሆኔ ሳይሆን ይህ አሳፈረኝ።

«አላውቅም» አልኩ። «እሷን ጠይቂያት።»

ጽጌወይን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። የመጀመሪያው ሲነካት እጇን ቶሎ ሳበች። ሁለተኛው እንደ ፀጉር ቤት ቶንዶስ ነው፣ ጥርሴን ነዘረኝ አለች። ሦስተኛውን አንጓዋ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ያዘችው፤ አጠፋችው፣ መልሳ አበራችው። ከማስኩ በላይ ዐይኗ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አልጨፈነችውም።

«ይሄን» አለች፣ ጮክ ብላ።

መኪናው ውስጥ ስንገባ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ተቀመጠች። ወንበሩ ፊያሜታ እንዳስቀመጠችው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው፤ እኔም ማስረጃ ነው ብዬ አልነካሁትም። እግሯ የፊቱን ወለል ሊነካ ጥቂት ቀረው። ቁልፉን ማስነሻው ላይ እንደሰካሁ እጄን መለስኩ። ድሮ ቢሆን ሳልጠይቃት ስቤ በልምዴ አስተካክልላት ነበር።

«ወደ ፊት ላምጣልሽ?» አልኳት።

«አዎ።»

ጎንበስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ያዝኩ። ትንሽ ሳብኩት። «እዚህ ጋ?»

«ትንሽ ጨምር።»

ጨመርኩ።

«ኧረ በዛ። መልሰው ትንሽ» አለችና እጇን እጄ ላይ አድርጋ ራሷ ወደ ኋላ ገፋችው። «እዚህ ጋ። አሁን ተመቸኝ።»